ከሪፖርቱ የወጣችው መስመር

እሺ፣ ዋናውን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፦ በወላጅ ጢም ብሎ በሞላ አዳራሽ ውስጥ፣ ማይክ ይዤ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ዓረፍተ ነገር አነበብኩ! አዎ፣ እኔ! የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ ሪፖርት! ርዕሰ መምህርታችን ሲስተር ፊታቸው አመድ መሰለ። አባ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው አመለጣቸው። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን እንዳቀፈች አፏን ከፍታ ቀረች።  

ቆይ ግን፣ ከመሃል ጀመርኩባችሁ። ጀግና የሆንኩ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። እስከ መጨረሻው ስትሰሙ «ምን ዓይነት ቀሽም ናት» ትሉኝ ይሆናል። ጓደኛዬ ብላኛለች።

ጓደኛዬ ጉንዳን ናት። እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ቁመቷ እዚህ ሆኖ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ስለምትሸከም ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጉንዳን ነው የምንላት። እኔን ደግሞ ማይክ ይሉኛል። ድምፄ ሦስት ክፍል ተሻግሮ ይሰማላ! የተማሪዎች ተወካይ ሆኜ እንድመረጥ የቀሰቀሰችልኝም እሷ ናት። በየክፍሉ እየገባች «ይቺን ካልመረጣችኋት እዚሁ መጥታ ነው የምታወራባችሁ» ትላቸው ነበር። በፍርሃት መረጡኝ።

ትምህርት ቤታችን የካቶሊክ ሲስተሮች ማኅበር ያቋቋመው ነው። እኔ ሁሉን ነገር የሚወስኑት ርዕሰ መምህርቷ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከእሳቸው በላይ ቦርድ አለ! ሰብሳቢው አባ ናቸው፤ ጳጳሱ ናቸው የመደቧቸው። ከማኅበሩ ሁለት ሲስተሮች አሉ፣ ከወላጅ ሁለት፣ ከአስተማሪ አንድ። ከበሩ አጠገብ ባለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ደግሞ የተማሪ ተወካይ፣ ማለትም እኔ! መቀመጥና መስማት እችላለሁ፤ ድምፅ ግን የለኝም። እኔን ማይክን «ድምፅ የለሽም» ሲሉኝ ጉንዳን ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው።

አንድ ነገር ግን የኔ ብቻ ነበር። በየዓመቱ ለወላጆች የሚቀርበውን ሪፖርት የምታነበው ተማሪዋ ናት። ሲስተርም አይደሉም፣ አባም አይደሉም። ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት አሮጊቷ ሲስተር፣ ፎቶአቸው ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው፣ «ወላጅ የልጅ ድምፅ ያምናል» ብለው ነው አሉ ያስጀመሩት። ያን ጊዜ ይሄ ነገር በጣም ነበር ደስ ያለኝ። አሁን ሳስበው ግን ይቀፈኛል።

ቦርዱ ሌላም ልማድ አለው። እጅ አያወጡም። አንድ ጉዳይ ተወርቶ ሲያልቅ አባ «ሌላ ሐሳብ?» ይላሉ፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አጭር ጸሎት ያደርሳሉ። ሁሉም «አሜን» ይላል። በቃ፣ ጸደቀ ማለት ነው! ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊም «በጸሎት ተዘግቷል» ብላ ትጽፋለች። በጸሎት የተዘጋ አጀንዳ ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም። እግዜር ፊት አሜን ብለሽ፣ በማግስቱ «አይ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ትያለሽ? ያሳፍራላ። እኔ ድምፅ ባይኖረኝም አሜን ከማለት የከለከለኝ ስለሌለ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ነበር የምለው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን ፀጉሬን ሁለቴ አፍርሼ ሠራሁት። ብስኩት ነበረ፣ የታሸገ ውሃ ነበረ፣ ፊቴ የተቀመጠ ፋይል ላይ «የተማሪዎች ተወካይ» ተብሎ በኮምፒውተር ተጽፎ ነበር። በደስታ ልፈነዳ! ሦስት ብስኩት በልቼ አራተኛውን ሳይ አንድ መሐንዲስ ገቡ። ቀጭን ሰውዬ ናቸው፤ ጫማቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቆበታል። ብስኩት ሲቀርብላቸው በእጃቸው መለሱት።

«የአሮጌው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ» አሉ፣ «በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ እየሸሸ ነው።»

ከወላጅ ተወካዮቹ አንዱ፣ ፋርማሲ ያላቸው፣ «እየሸሸ ማለት?» ብለው ጠየቁ።

«ከወለሉ እየተላቀቀ ማለት ነው። ስንጥቁ ላይ አራት ቦታ ቀጫጭን መስታወት ለጥፌበታለሁ። ግድግዳው ፀጉር ታህል ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። አንዱ ከተሰበረ አስቡበት። ሁለተኛው ከተሰበረ ሰው አይግባበት።»

 ሦስተኛ ፎቅ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ክፍል የኛ ነው። አሥረኛ ለ። ግድግዳው ጥግ የምትቀመጠው ደግሞ ጉንዳን ናት።

ብዙ ተወራ። በመጨረሻ በሪፖርቱ ረቂቅ ላይ አንድ መስመር እንዲገባ ተስማሙ። ቃል በቃል ነው የያዝኩት፤ ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች፦ «የአሮጌው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ተማሪ እንዳይገባበት በባለሙያ ተመክሯል።» አባ ጸለዩ። አሜን! የኔ አሜን መስኮቱን ነቀነቀው። ትልቅ ሰዎች ነገሩን ያዙት፣ በቃ፣ ይስተካከላል ብዬ እየዘለልኩ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ክፍል ስገባ መስታወቶቹን አየኋቸው። ለካ ከተለጠፉ ሰንብተዋል፤ እኛ ነን ልብ ያላልነው። ጣት የምታህል ስፋት ያላቸው፣ በጄሶ የተለጠፉ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ቀን የተጻፈባቸው። ከኋላ የምትቀመጠው ቆንጂት አንዱን የከንፈር ቅባት መቀቢያ አድርጋዋለች። ጉንዳን «ካሜራ ነው፣ ሲስተር ቢሮ ሆነው ያዩናል» እያለች የክፍሉን ልጆች ታስፈራራ ነበር።

ማክሰኞ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። አስተማሪው ጀርባቸውን ሰጥተውን ይጽፋሉ። ድንገት «ጣ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ጣት ሲንቋቋ የምትሰማ ዓይነት። አስተማሪው ዞር አሉ።

«ማነው እሱ?»

ማንም አልነበረም። ጉንዳን ብቻ ቀስ ብላ ወንበሯን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቀች። ደወል ሲደወል ሄደን አየን። የመጀመሪያው መስታወት ከመሃሉ ለሁለት ተከፍሏል።

ሮጬ ለሲስተር ነገርኳቸው። ሲስተር ጥሩ ሰው ናቸው እኮ፤ እሱን አትርሱብኝ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ስታመም ሆስፒታል ድረስ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። እጄን ያዙኝና «አውቄያለሁ፣ ልጄ። አመሰግናለሁ። አሁን ተረጋጊ» አሉኝ። ተረጋጋሁ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስንገባ ስንጥቁ የለም። ማለቴ አይታይም። የእመቤታችን ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎበታል። በር የሚያህል፣ ወርቃማ ፍሬም ያለው። ልጆቹ «ውይ፣ እንዴት ያምራል!» አሉ። እኔም አልኩ። ግን አንድ ነገር መጣ። ማታ ሥዕሉን ቀጥ አድርገን እንሄዳለን፤ ጠዋት ስንመጣ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ይጠብቀናል። ማንም አልነካውም። ጉንዳን ጠዋት ወንበር ላይ ቆማ ታቃናዋለች። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ። ከዚያ በየቀኑ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ረቂቁ ከማኅበሩ ዋና ጽሕፈት ቤት ታርሞ መጣ። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ወላጅ ጋ ከመድረሱ በፊት እዚያ ይታያል። አባ አምስቱንም ገጽ በአንድ ትንፋሽ አነበቡት። እውነቱን ልንገራችሁ? አልሰማሁም። ለሪፖርቱ ቀን የቱን ጫማ እንደማደርግ እያሰብኩ ነበር! ጥቁሩ ይጮኻል፣ ቡናማው ደግሞ ተልጧል። «ሌላ ሐሳብ?» አሉ አባ። የአስተማሪዎቹ ተወካይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። የሆነ ነገር ሊሉ ይመስሉ ነበር፤ ከዚያ ብስኩቱን ማየት ጀመሩ። ጸሎት ሆነ። አሜን።

የኔ አሜን ከሁሉም ይሰማ ነበር።

ከወላጆች ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ሲስተር ለልምምድ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አቆሙኝ። ወረቀቱን ሰጡኝ። አነበብኩ፣ አነበብኩ፣ በኩራት ጉንጬ ሊቀደድ! ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ቀጥይ እንጂ» አሉ ሲስተር።

«ሲስተር... ስለ ሦስተኛ ፎቅ የነበረው መስመር የት ሄደ?»

«አለ እኮ። አንብቢው።»

አነበብኩት፦ «የአሮጌው ሕንፃ በባለሙያ ታይቷል፤ ተገቢው ክትትልም እየተደረገለት ይገኛል። ይህም የተማሪዎች ተወካይ በተገኘችበት በቦርዱ በአንድ ድምፅ ጸድቋል።»

«ይሄ እኮ... ሲስተር፣ ይሄ ሌላ ነው።»

 «ተከተይኝ» አሉኝና የአሮጌውን ሕንፃ ደረጃ ይዘው ወጡ። ሦስተኛ ፎቅ። ከኛ ክፍል ቀጥሎ ያለችው፣ ድሮ የተሰባበረ ወንበር የሚታጎርባት ክፍል ጋ ደረስን። ከፈቷት። ውስጥ የሲስተር ጠረጴዛ አለ። ፋይላቸው፣ መነጽራቸው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ።

«ቢሮዎን... መቼ ነው እዚህ ያመጡት?»

«መስታወቱ የተሰበረ ለታ።» ተቀመጡ። «ልጆቼ ያሉበት ነው የምቀመጠው። የሚሆን ነገር ካለ በኔም ይሁን።»

እንባዬ ሊመጣ ነበር። ወይም ልሮጥ ነበር። የቱ እንደሆነ አላውቅም።

«ታዲያ ለወላጆች ለምን አይነገራቸውም?»

«አሥራ አንድ ሳምንት ነው የቀረን፣ ልጄ። ለረጅሙ ዕረፍት ስትወጡ ይፈርሳል፣ ይሠራል። አሁን ፎቁን ብንዘጋ አራት ክፍል ተማሪ የት አስገባለሁ? ቁጥር ቀንሱ ነው የሚሉኝ። የሚቀነሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በነፃ የሚማሩት ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ልጆች። ስማቸውን ልንገርሽ?»

እንዲነግሩኝ አልፈለግሁም። አንዷን አውቃታለሁ። ቦርሳዋ ከራሷ ይበልጣል።

«ውሸት አላስጻፍኩም» አሉ ቀስ ብለው። «በባለሙያ ታይቷል፤ እውነት ነው። ክትትል አለ፤ እሱም እውነት ነው።»

ከታች የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ተንጋግተው ደረጃ ሲወርዱ ተሰማ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም አየነው። ሲስተር ብርጭቆውን አንስተው ጠጡትና ባዶውን መልሰው አስቀመጡት።

ጉንዳንን ከታች ደረጃው ላይ አገኘኋት።

«አንቺ፣ ልንገርሽ ወይስ አልንገርሽ?»

«ፊትሽ ነግሮኛል። ምን ሆንሽ? ማይኩን ነጠቁሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ከመሐንዲሱ ጀምሮ እስከ ብርጭቆው። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ጫማዋን እያሰረች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ግድግዳውን ነዋ! አጠገቡ የምቀመጠው እኔ አይደለሁ እንዴ? መጀመሪያ ስንጥቁ ውስጥ ማስመሪያ ነበር የሚገባው። አሁን እስክሪብቶ ይገባል።» ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ትናንት አንዱ እዚያው ቀረብኝ።»

«እና ለምን አትናገሪም?!»

«ቀስ በይ፣ ማይክ! ለማን ልናገር?» ዙሪያዋን አየች። «ስሚኝ። እኔ ግድግዳውን አይደለም የምፈራው። ‹አንቺ ነገ አትምጪ› መባልን ነው የምፈራው። ከዚህ ከወጣሁ ሌላ ትምህርት ቤት የለኝም፤ ታውቂያለሽ። አክስቴ ሱቅ ውስጥ ነው የምታስገባኝ፣ በቃ፣ እዚያው ነው የማረጀው። አሥራ አንድ ሳምንት አይደል? በትከሻዬ እደግፈዋለሁ።»

«ቢወድቅስ?»

«አይወድቅም።»

«ቢወድቅስ ጉንዳን?»

«ኡፍ! የተጻፈውን አንብቢ ተባልሽ፣ የተጻፈውን አንብቢ! አንብቦ መውረድ ምን ይከብዳል? ቀሽም አትሁኚ።»

እሺ አልኳት። ማልኩላት።

የወላጆች ቀን አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። ጥቁሩን ጫማ አደረግሁ፤ ጮኸ። እናቴ ከልብስ ስፌቷ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ክር እጅጌዋ ላይ ተጠምጥሞባታል። ስታየኝ አውራ ጣቷን አወጣችልኝ። ሼም! ግን ደስ አለኝ። ጉንዳን አስተናጋጅ ስለነበረች በሩ ላይ ቆማ የሪፖርቱን ቅጂ ታድላለች።

ጀመርኩ። የፈተና ውጤት፣ ጭብጨባ። የቅርጫት ኳስ ዋንጫ፣ ጭብጨባ። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት፣ ጭብጨባ። ድምፄ ተስተካክሎልኛል። የተጻፈውን ላነብ ነው፤ ወስኛለሁ፤ በእውነት ወስኜ ነበር። ሦስተኛውን ገጽ ገለጥኩ። «የአሮጌው ሕንፃ በባለሙያ ታይቷል» አልኩና ትንፋሽ ለመሳብ ቀና ስል ጉንዳንን አየኋት።

ለአንዲት እናት ወረቀት ልትሰጥ ጎንበስ ብላለች። ሹራባችን ጥቁር ሰማያዊ ነው። የግራ ትከሻዋ ግን ነጭ ነው። አቧራ ነው። የግድግዳ ጄሶ። ከአንገቷ እስከ ክርኗ ድረስ።

እና አፌ ሌላ ነገር አለ። «የአሮጌው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ተማሪ እንዳይገባበት በባለሙያ ተመክሯል።»

 ከዚያ ወረቀት መገለባበጥ ጀመረ፤ ሁሉም ቅጂው ላይ መስመሯን ይፈልጋል። ከኋላ አንድ አባት ተነሱ። «ምን? ምን አለች? የኔ ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ናት እኮ!» ሌላዋ «ወረቀቱ ላይ የለም!» አለች። ሦስት አራት ሰው ቆመ። አዳራሹ ሊቀወጥ ነው! 

ያን ጊዜ አባ ቀስ ብለው መጥተው ማይኩን ከእጄ ወሰዱት። ተቆጡ እንዳልል አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በስመ አብ፣ ወወልድ...»

የቆመው ሰው ሁሉ አማተበ። አባ ስለ ልጆቻችን ደኅንነት ጸለዩ፣ ስለ ሰላም ጸለዩ፣ ስለ ትዕግሥት ጸለዩ። ጸሎቱ ሲያልቅ አዳራሹ በአንድ ላይ «አሜን» አለ። እኔም። አፌ ለምዶበት፣ እኔም! ከዚያ ሰው ተቀመጠ። እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። የዘፈን ቡድኑ ገባ፣ ጭብጨባ ሆነ። ያ አባት ብቻ ቆመው ትንሽ ቆዩና ሚስታቸው ኮታቸውን ስትጎትታቸው እሳቸውም ተቀመጡ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ መንገድ ላይ ዞር አለችብኝ። 

«ያነበብሽው ነገር ከየት ነው የመጣው?»

«ቦርዱ መጀመሪያ የተስማማበት ነው፣ እማ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ በሩ ላይ አንዷ ሲስተር ‹ልጅ ናት፣ ተደናግሯት ነው› ያለችኝ ለምንድነው?»

«እንጃ።»

ቆመች። እጅጌዋ ላይ ያለውን ክር ነቅላ ጣለችው። «ተደናግሮሻል?»

«አይ።»

«እሺ» አለች።  እጄን እንደ ሕፃንነቴ ይዛኝ ነው እስከ ቤት የሄደችው።

ይሄ ዓርብ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው።

ጠዋት ሲስተር ጠሩኝ፤ እዚያው ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ቢሮአቸው። ዓይናቸው አብጧል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ አለ። ለሁሉም ወላጅ የሚላክ ነው። ማኅተሙ ተመትቶበታል፣ የአባ ፊርማ አለበት፣ የሲስተር ፊርማ አለበት። ሦስተኛው የፊርማ ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ «የተማሪዎች ተወካይ» ይላል።

«የተማሪዎች ተወካይዋ በስህተት ካልታረመ ረቂቅ ላይ ያነበበች በመሆኑ፣ የተከበራችሁ ወላጆች እንዳትደናገጡ እናሳስባለን» ይላል።

«አላስገድድሽም» አሉኝ። «ግን የምሳ ደወል ሲደወል ይላካል። ከፈረምሽ ነገሩ ይበርዳል፣ ሁሉም ቦታው ይቆያል። ካልፈረምሽ ቦርዱ እንደገና ይሰበሰባል፤ እዚያ ምን እንደሚቀነስ እኔ አልወስንም።» ከዚያ ደብዳቤውንና እስክሪብቶ ሰጡኝ። የራሳቸውን። 

ስወጣ ክፍላችን ባዶ ነው። ዛሬ እስከ ምሳ ድረስ አዲሱ ሕንፃ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነን። ከምሳ በኋላ ግን አርባ ሦስት ልጆች ወደዚህ ክፍል ይመለሳሉ። ጉንዳን ከቤተ ሙከራው ሾልካ መጥታ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። ከዓርብ ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር።

«ፈርሚ» አለችኝ።

«ጉንዳን...»

«ፈርሚ፣ በናትሽ። ለእኔ ስትይ።» ከንፈሯ ይደርቃል፣ ትልሰዋለች፣ መልሶ ይደርቃል። ልትሄድ ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ሳታየኝ፣ በቀስታ፣ ጭራሽ በማትታወቅበት ድምፅ «ጠዋት ሥዕሉን ሳነሳው... ሁለተኛው ተሰብሯል» አለች።

ከዚያ ሮጣ ወረደች።

አሁን ይሄን የምጽፍላችሁ ሜዳው ጥግ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ለሒሳብ ያዘጋጀሁትን ደብተር ነው የጨረስኩላችሁ! ደብዳቤውን ገልብጬ በጀርባው ላይ ጻፍኩ። መሐንዲሱ ያሉትን በሙሉ፦ «አንዱ ከተሰበረ አስቡበት፤ ሁለተኛው ከተሰበረ ሰው አይግባበት።» ከሥሩ «ሁለተኛው ዛሬ ተሰብሯል» አልኩ። ቀኑን ጻፍኩ። ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፊርማዬ ያለው በጀርባው ብቻ ነው።

ለሲስተር አልሰጠሁም፤ ገና ነው። እናቴ ስፌት ሱቅ ስልክ ደውዬ «የምሳ ደወል ሳይደወል ነይ» ብያታለሁ። ለምን ብላ እንኳን አልጠየቀችኝም፤ «መጣሁ» ብላ ዘጋችው።

ግን ጉንዳን በቤተ ሙከራው መስኮት ትታየኛለች። የቤተ ሙከራ ነጭ ጋውን ለብሳ ወደ እኔ እያየች ነው። እጇን አላወዛወዘችም። እኔም አላወዛወዝኩም። ደወሉ ሊደወል አሥር ደቂቃ ነው የቀረው፤ እናንተ ብትሆኑ፣ እሷም የእናንተ ጓደኛ ብትሆን፣ ይቺን ወረቀት ለሲስተር ትሰጡ ነበር?